ለፍሬን ጥገና መኪናን በክሪክ ስለማንሳት

በገዛ ግቢው የፍሬን ሸራ ሊቀይር የተነሳ የአዳማ ባለመኪና፣ ፍሬኑን ከመንካቱ በፊት መኪናው የሚቆምበትን መሬት ሊመረምር ይገባል። ሲሚንቶ ባልፈሰሰበት አሸዋማ ግቢ የክሪኩ ጠባብ መቀመጫ ክብደት ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ይሰምጣል፤ ኮብልስቶንም ወጣ ገባ ስለሆነ አይታመንም። ደልዳላ ሲሚንቶ ከሌለ ከክሪኩ ሥር ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ማንጠፍ ያስፈልጋል።

የሚነሳው የፊት ጎማ ከሆነ የእጅ ፍሬን ተይዞ ለኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረጋል። የኋላው ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ በመሆኑ፣ ታምቡሩን (የኋላ ፍሬኑን ሸራ የሚሸፍነውን ክብ ብረት) ለማውጣት ደግሞ እሱኑ መልቀቅ ግድ ስለሚሆን፣ መኪናው እንዳይንከባለል የሚያግደው በዋናነት የፊት ጎማዎቹ ታኮ ነው። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ‹ፒ› (የማቆሚያው ቦታ) ላይ ገብቷል ተብሎም አይተውም፤ እንደ ቪትዝ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና አንድ የፊት ጎማው ሲነሳ፣ አየር ላይ ያለው በነፃ ስለሚዞር መሬት ላይ የቀረው ሊንከባለል ይችላል።

የጎማውን ቡሎኖች ከማንሳት በፊት ግማሽ ዙር ያህል ማላላት ይገባል። የክሪኩ አናት የሚገባው በበሩ ሥር ባለው የብረት ጠርዝ ላይ በሚታዩት ሁለት ቁርጥ ምልክቶች መካከል እንጂ፣ በሞተር ዘይት መያዣው ሥር አይደለም።

ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆያ አይደለም። በዘይት የሚሠራው ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ካለቀ መኪናውን ይዞ ይወርዳል፤ በመዘውር የሚሠራውም በትንሽ ግፊት ይጋደማል። ስለዚህ ከጠንካራው የመኪናው አካል ሥር የብረት ማቆሚያ እግር ገብቶ፣ ክብደቱ ወደ እሱ መዛወሩ መኪናውን ከጎን ገፋ ገፋ በማድረግ ይረጋገጣል። በማቆሚያ ፋንታ ብሎኬት የሚደረድሩ አሉ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። የወለቀውን ጎማ ከነቸርኬው ከመኪናው ሥር አጋድሞ መተው ጥሩ ተጨማሪ መከላከያ ቢሆንም ማቆሚያውን አይተካም፤ ማቆሚያ የሌለው ሰው ወደ ጋራዥ ቢሄድ ይሻለዋል። ‹እስቲ ፍሬን ርገጥ› ተብሎ ልጅ ወደተነሳ መኪና የሚላክበት ልማድም ይቅር፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ መኪናው ይወዛወዛል።

ሥራው ሲያልቅ ቡሎኖቹ በእጅ ተይዘው መኪናው ይወርድና በመስቀልኛ፣ ማለትም ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ፣ ይጠብቃሉ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የፍሬን ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መረገጥ አለበት፤ ሸራ ለማስገባት ወደ ውስጥ የተገፋው የፍሬኑ ፒስተን (ሸራውን የሚገፋው ክፍል) ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች መኪናውን አያቆሙም።