ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየርን ለመቀየር ወይም ላለመቀየር እንዴት ይወሰናል?

ድምፁ ደከመብኝ፣ የተሻለ አምፕሊፋየር ልግዛ የሚል ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ወደ ቤቱ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ መለካት ይኖርበታል። ይህን የምለው ደሴ በምኖርበት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በአምፕሊፋየሩ ላይ ጥዬ ቫልቭ (ድምፁን የሚያጎላውን፣ ሲግል የሚሠራ የመስታወት ቱቦ) ስገዛ ከቆየሁ በኋላ፣ ችግሩ ከግድግዳው ሶኬት እንደሚጀምር ስለተረዳሁ ነው።

በመጀመሪያ ቅሬታዎን ለይተው ያስቀምጡ። ድምፁ አንሷል፣ ይሰነጠቃል ወይስ ጉምጉምታ አለው? ለመፈተሻ በባቲ ወይም በአምባሰል ቅኝት የተጫወተ፣ ማሲንቆና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት አንድ ቅጂ ይምረጡ። ማሲንቆን በሰርግ በቅርብ ሰምተን ስላደግን፣ የፈረስ ጭራው በደጋኑ ሲፈገፈግ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ ሲጠፋ ጆሯችን ወዲያው ያውቀዋል። ያንኑ ቅጂ ለአንድ ሳምንት ጠዋትም ማታም ያዳምጡና ልዩነት ካለ ከነሰዓቱ ይጻፉ።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ቴስተርዎን በተለዋጭ ቮልት 750 በሚለው ላይ ያድርጉ፤ ቀዩ ገመድ የአምፔር መለኪያው ቀዳዳ ውስጥ አለመሰካቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ የገመዶቹን ፕላስቲክ ብቻ ይዘው ሶኬቱን ይለኩ። በሦስት ተከታታይ ቀናት ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት እና እኩለ ሌሊት አካባቢ ይለኩ። የአገራችን መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ ሰፈሩ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ቁጥሩ በግልጽ ሊወርድ ይችላል። ቮልቴጁ የሚወርደው የራስዎ ምጣድ ሲበራ ብቻ ከሆነ ግን የቤትዎን መስመር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩ።

ይህ ለቫልቭ ለምን ወሳኝ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። በተለመዱት ቫልቮች ውስጥ ያለው ማሞቂያ ክር 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ በ10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይታገሣል፣ ማለትም ከ5.7 እስከ 6.9 ባለው መካከል ይሠራል። ለ220 የተሠራ ትራንስፎርመር 190 ቮልት ሲገባለት ለክሩ የሚሰጠው 5.4 ያህል ነው። ክሩ በደንብ ስለማይግል ኤሌክትሮን በበቂ ሁኔታ አይወጣም፣ ቫልቩ የሚሠራበት ዋናው ከፍተኛ ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳል፤ ድምፁ ይሳሳል፣ ትንሽ ከፍ ሲያደርጉትም ይሰነጠቃል። ይህን ምልክት የሰማ ሰው አምፕሊፋየሩ አርጅቷል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

እኔ ከባዱን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። አራት አዲስ ኢኤል34 የሚባሉ የኃይል ቫልቮች (ስፒከሩን የሚነዱትን ትልልቆቹን) ገዝቼ ባያሳቸውን፣ ማለትም ሙዚቃ ሳይኖር በውስጣቸው የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ያስተካከልኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ቴስተሩ 185 ቮልት በሚያሳይበት ጊዜ ነበር። የኢኤል34 አኖድ (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ግራጫ ብረት) የሚችለው 25 ዋት ስለሆነ፣ እንደሚመከረው ወደ 17 ዋት ገደማ አድርጌ ተውኩት። እኩለ ሌሊት ላይ ምጣዱም ምድጃውም ሲጠፋ ቮልቴጁ ወደ 240 ወጣ፤ ድምፁን ቀንሼ እያዳመጥኩ ሳለ ከአንዱ ቫልቭ መስታወት ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት ከመሃሉ ጀምሮ እንደ ፍም መቅላት ጀመረ። ሮጬ ሶኬቱን ብነቅልም ሁለት ቫልቮች ከነሬዚስተሮቻቸው ተቃጥለው ነበር። ስለዚህ ቮልቴጁ ሳይረጋ ባያስ አያስተካክሉ፣ አዲስ ቫልቭም አይግዙ። ቮልቴጁን የሚያረጋ ስታብላይዘር ሲመርጡ በሞተር የሚሠራውን እመክራለሁ፤ በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራው ርካሽ ቢሆንም ቮልቴጁን በደረጃ እየዘለለ ስለሚቀያይር ለዚህ ሥራ አልወደውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም አምፕሊፋየሩን ወዲያው ሳያበሩ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።

ቮልቴጁ ተስተካክሎም ችግሩ በአንድ በኩል ብቻ ከተሰማ፣ አጥፍተው ካቀዘቀዙ በኋላ ከኃይል ቫልቮቹ በፊት ያሉትን የግራና የቀኝ ትንንሾቹን ቫልቮች ያቀያይሩ። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ቫልቩን ብቻ ይለውጡ። የኃይል ቫልቮች በአጠቃቀማቸው መጠን ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት ያገለግላሉ፤ ትንንሾቹ ከዚያ በላይ ይቆያሉ።

በሁለቱም ስፒከሮች የማያቋርጥ ጉምጉምታ ካለና መሣሪያው ከ20 ዓመት በላይ ከሆነው፣ በብዛት የሚጠረጠሩት የደረቁ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ናቸው። ይህን ለባለሙያ ይተዉ፤ ውስጡ ከ300 እስከ 500 ቮልት ስላለና ካፓሲተሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ያንን ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ለሕይወት ያሰጋል። ስፒከር ሳያገናኙም በፍጹም አያብሩት፤ ከቫልቮቹ ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው የመውጫ ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ስፒከሩን ይመልከቱ። ከ20 ዋት ወደ 40 ዋት ቢያድጉ የሚያገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ ድምፁን እጥፍ ሆነ የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር፣ ማለትም ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲያድግ ነው። በአንጻሩ በ1 ዋት 86 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 94 በሚሰጥ ቢተኩት፣ 5 ዋት ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር ቀድሞ ከ30 ዋት በላይ ይጠይቅ የነበረውን ድምፅ ያወጣል።

አምፕሊፋየሩን መቀየር ተገቢ የሚሆነው ቮልቴጁ ረግቶ፣ ቫልቮቹና ካፓሲተሮቹ ደህና ሆነው፣ በሚፈልጉት ከፍታ ላይ አሁንም የሚሰነጠቅ ከሆነ ነው፤ ወይም የመውጫ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ማስጠገኛው ከመግዣው ከተቀራረበ፣ አለዚያም ስፒከርዎ ባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ሆኖ መሣሪያው ለዚያ የሚሆን መውጫ ከሌለው። እኔ ቮልቴጁን ካረጋሁ በኋላ የቀየርኩት ስፒከሩን ነው፤ አምፕሊፋየሩ ያው የድሮው ሲሆን፣ ማሲንቆው አሁን ጎረቤት እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓትም ሳይሳሳ ይሰማል።