ከእራፊ ጨርቅና ቀለም ከተቀባ አንሶላ የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን አሰፋፍ

በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ሥር የተቋጠረ ፌስታል አይጠፋም፤ ቢፈቱት የተቀደደ አንሶላ፣ ጉልበቱ ያለቀ ጂንስ፣ መሀሉ የሳሳ ነጠላ፣ ከልብስ ሰፊ የተመለሰ ቁርጥራጭ ይወጣዋል። ከእነዚህ ጨርቆች ቅርጹን ጠብቆ የሚቆምና ሲቆሽሽ የሚታጠብ፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ለካልሲ ወይም ለክርና መርፌ የሚሆን ሳጥን መስፋት ይቻላል። እዚህ የምገልጸው ወለሉ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ነው።

አብዛኛው ጀማሪ እራፊውን በቀለሙ ይለያል፤ እኔ ግን አስቀድሞ በውፍረቱ መለየት እንደሚገባ አጥብቄ እመክራለሁ። ስስ ጨርቅ ከጂንስ ጋር ጎን ለጎን ሲሰፋ ጂንሱ አልሳብ ስለሚል ጉተታው ሁሉ ስሱ ላይ ያርፍና በስፌቱ መስመር በኩል መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ አንሶላ፣ አቡጀዲና የሸሚዝ ጨርቅ በአንድ ወገን፣ ጂንስና ካኪ በሌላ ወገን ይቀመጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ለሳጥኑ ፊትና ለገበሩ፣ የኋለኞቹ ለወለሉና ለማንጠልጠያው ይሆናሉ።

የነጠላ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ያረጀ ነጠላ ወደ መስኮት አንሥተው በብርሃን ቢያዩት መሀሉ እንደ ወንፊት ዘርዝሮ ይታያል፤ ጥለቱ ያለበት ዳር ግን ተጨማሪ ማግ ገብቶበት የተሸመነ ስለሆነ ጠንክሮ ይቆያል። እናቶቻችን ከለበሱት ነጠላ መጣል የማይገባው ይህ ዳር ነው። ከጥለቱ በላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነጭ ጨርቅ ተርፎ ይቆረጥ፣ ከሥሩም አቡጀዲ ተደርቦ ይወስወስ፤ እንዲህ ሆኖ ከማንኛውም አንሶላ እኩል ይችላል።

ቀለም የሚቀባው ጨርቅ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ቀለሙን ይመጠዋል፣ ፖሊስተር ግን ላዩ ላይ ብቻ ስለሚይዘው ውሎ አድሮ ይላጣል። የጨርቁ ዓይነት ካልታወቀ ጥቂት ክር መዝዘው በወረንጦ ይዘው፣ ውሃ ያለበት ሳህን ከሥር አድርገው ያቃጥሉት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም ብን የሚል አመድ ነው፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል።

ከዚያ በፊት ግን ሁሉም እራፊ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ መተኮስ አለበት። ይህን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀይ የቀሚስ ቁራጭ ሳላጥብ ከነጭ ጥለት አጠገብ ሰፍቼ ነበር፤ ሳጥኑ መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ቀዩ ቀለም ለቆ ጥለቱን ሁሉ አበላሸው። ሊተካ የማይችል ነጠላ ስለነበረ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀለም ሲቀቡ ትናንሽ ቁራጮችን አንድ በአንድ አይቀቡ። አንሶላውን በሰፊው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ከሥሩ ፌስታል አንጥፈው፣ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይቀቡትና ከደረቀ በኋላ ይቁረጡት። ቁራጭ ላይ የሚቀባ ሰው እጁ ይጠብበታል፤ ሁሉም ቁራጭ መሀሉ ላይ አንድ አበባ ይዞ ይወጣል። ከሰፊ ጨርቅ የተቆረጠ ግን አንዱ የመስመር ጫፍ፣ አንዱ የክብ ግማሽ ይዞ ስለሚመጣ ሲገጣጠሙ አንድ እጅ የሠራው መሆኑ ያስታውቃል። አክሪሊክ ቀለም ጥሩ ነው፤ እሱ ካልተገኘ በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም ይበቃል። የግድግዳ ቀለም ጨርቅ ያደርቃል፤ ይህ ለልብስ ጉድለት ቢሆንም ቆሞ እንዲቀር ለሚፈለግ ሳጥን ጥቅም ነው። ዋናው ነገር ስስ አድርጎ መቀባት ነው፤ የተደፈደፈ ቀለም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ መርፌም ያስቸግራል። ማኅተም የሚወዱ ድንች ለሁለት ገምሰው፣ ፊቱን በቢላ ቀርጸውና በጨርቅ አድርቀው ሊያትሙበት ይችላሉ። የተቀባው ጨርቅ አንድ ሙሉ ቀን ይደር፤ ከዚያም በጀርባው በኩል፣ ውሃ ሳይረጭበት፣ በየቦታው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ካውያውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ይተኩሱት።

አሁን የተቀባውን፣ ያልተቀባውንና ጥለቱን በአንድ ሴንቲ ሜትር ስፌት እያያያዙ 54 በ54 የሚሆን አንድ ሰፊ ጨርቅ ይሥሩ፤ እያንዳንዱን ስፌት ከፍተው ይተኩሱ፤ በመጨረሻም በማስመሪያና በደረቀ የሳሙና ቁራጭ አስምረው 52 በ52 አድርገው ያስተካክሉት። ስሌቱ ወለሉ፣ ሲደመር የቁመቱ እጥፍ፣ ሲደመር ለስፌት ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ገበሩንም ከአንሶላ ወይም ከአቡጀዲ በዚሁ ልክ ይቁረጡ። ከሁለቱም ጨርቆች አራቱም ማዕዘኖች ላይ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ቆርጠው ሲያወጡ መስቀል የሚመስል ቅርጽ ይቀራል። በፊተኛው ጨርቅ ጀርባ፣ መሀሉ ላይ፣ 20 በ20 የሆነ የጂንስ ቁራጭ አኑረው ዙሪያውን ይስፉ።

በተቆረጠው ማዕዘን ግራና ቀኝ ያሉትን ጠርዞች ፊትና ፊታቸውን አጋጥመው አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ፤ በሁለቱም ጫፍ ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው ካልሰፉ ስፌቱ ከወለሉ በኩል ይፈታል። አራቱም ሲያልቁ ሳጥኑ ቆሞ ይታያል። ገበሩም እንዲሁ ይሰፋል፤ ነገር ግን በ1.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በጥቂቱ ካልጠበበ ውስጥ ገብቶ ይሸበሸባል።

ለማጠንከሪያ ካርቶን የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፤ ውሃ ሲነካው ይሟሽሻል። ባዶ የዘይት ጀሪካን በሙቅ ውሃ ታጥቦ ለጥ ካሉት ጎኖቹ በመቀስ ቢቆረጥ የሚታጠብ ማጠንከሪያ ይገኛል። ለወለሉ አንድ 19 በ19፣ ለግድግዳዎቹ አራት 18.5 በ13.5 ሴንቲ ሜትር ይበቃሉ። ማዕዘናቸው ክብ ይደረግ፤ ሹል ሆኖ የቀረ ጫፍ ጨርቁን ይበሳዋል።

የሳጥኑን ፊት ወደ ውጭ ገልብጠው የወለሉን ፕላስቲክ ያስገቡ፤ ገበሩን ሳይገለብጡ ውስጡ ይክተቱ፤ አራቱንም የግድግዳ ፕላስቲኮች በሁለቱ መካከል ያንሸራቱ። የሁለቱንም ጨርቆች አፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ። ለማንጠልጠያው የጂንሱን ወገብ ይጠቀሙ፤ በፋብሪካ የተደረበና የተሰፋ ስለሆነ ከእሱ የሚበረታ ጨርቅ ቤት ውስጥ አይገኝም። ሁለት 22 ሴንቲ ሜትር ቁራጮች፣ ጫፎቻቸው በሁለቱ ጨርቆች መካከል ገብተው፣ ትይዩ በሆኑ ጎኖች ይደረጋሉ።

አፉ ሁለት ጊዜ ይሰፋል፤ አንዱ ከጠርዙ ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ስምንት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ። መርፌው 16 ቁጥር፣ ክሩ ፖሊስተር፣ የስፌቱ እርምጃ ከሦስት ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን። የስፌት መኪናው ማንጠልጠያው ላይ ሲደርስ በእግር ከመርገጥ ይልቅ ጎማውን በእጅ እያዞሩ መርፌውን አንድ በአንድ ያሳልፉት፤ በዚያ ውፍረት ላይ ቸኩሎ የረገጠ ሰው መርፌ ይሰብራል።

ሲቆሽሽ ሳይዘፈዘፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና በእጅ ይታጠብ። ውሃ ወለሉ ላይ እንዳይቋጥር አፉን ወደ ታች ደፍተው በጥላ ያድርቁት።