መብራት ከቀየራችሁ በኋላ ኮራሉ ቀለሙን ከለቀቀ

ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ በምታኖሩበት የጨው ውሃ ገንዳ ላይ አዲሱን የኤልኢዲ መብራት ሰቀላችሁ። ገንዳው አማረ። ሳምንት ሳይሞላው ግን አረንጓዴው ኮራል ጥለቱ እንደለቀቀ ነጠላ ገረጣ፣ ወይ ደግሞ ሐምራዊው ወደ ቡናማ ዞረ። ሁለቱንም ቀለሙ ጠፋ እንላለን፣ መፍትሄያቸው ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የደረሰባችሁ የትኛው እንደሆነ በደንብ እዩ።

አናቱ ነጣ፣ ጥላ ያረፈበት ጎኑ ግን ቀለም አለው

መብራቱ በዝቶበታል። ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራል። እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ለእሱም ያካፍሉታል። ብርሃኑ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ይጎዳሉ፣ ኮራሉም ያስወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ነጭ ሆኖ የሚታያችሁ በሳሳው ሥጋ ውስጥ አልፎ የሚወጣው አጽሙ ነው።

እኔም ጣት የሚመስሉ ሥጋዎች ያሉትን ሃመር ኮራሌን እንዲህ ጎድቼዋለሁ። ከቲ ፋይቭ፣ ማለትም ከቀጭኑ የፍሎረሰንት ቱቦ፣ ወደ ኤልኢዲ ስቀይር ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ መሰለኝና 70 በመቶ ላይ አደረግኩት። በአራተኛው ቀን ጣቶቹን እንደ ቡጢ ጨብጦ አገኘሁት፣ ጫፎቹ ላይ የነበረው አረንጓዴም ክሬም መስሏል። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል። እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል፤ የሰው ዓይን ሰማያዊ ብርሃንን አሳንሶ ነው የሚያየው፣ አልጌዎቹ ግን 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ይህንኑ ሰማያዊ አጥብቀው ይጠቀሙበታል። ለእኛ ድንግዝግዝ የሆነው ለእነሱ እኩለ ቀን ሊሆን ይችላል። የፓር መለኪያ (አልጌዎቹ የሚጠቀሙበትን የብርሃን መጠን የሚለካ መሣሪያ) ካገኛችሁ ተዋሱም ተከራዩም። ለስላሳዎቹ ኮራሎችና እንደ ሃመር ያሉት ከ50 እስከ 150 ፓር ይበቃቸዋል፣ አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋማ ጠንካራ ኮራልና መሰሎቹ ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ።

የመብራቱን ኃይል በግማሽ ቀንሱት። መቀነስ ካልተቻለ ኮራሉን ወደ ታች አውርዱትና እዚያው ተዉት፤ በየቀኑ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር የባሰ ያደክመዋል። ከዚያ በሳምንት 5 በመቶ ብቻ ጨምሩ። ብዙ መብራቶች ይህን ቀስ በቀስ የመጨመር ሥራ በራሳቸው ይሠራሉ፣ ማስተካከያውን ፈልጋችሁ አብሩት። ሥጋው እስካልተላጠ ድረስ ተስፋ አለ፣ ቀለሙ እስኪመለስ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እባካችሁ ታገሱት።

የቲ ፋይቭ አምፖል ብቻ የቀየራችሁም ይህ ይመለከታችኋል። ዓመት ያገለገለው አምፖል ደክሞ ነበርና አዲሱ ለኮራሉ ድንገት ይከብደዋል።

ቡናማ ሆነ

ይኼኛው አያስደነግጥ፣ ኮራሉ አልሞተም። ወይ ብርሃኑ አንሶታል፣ ወይ ውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት (አልጌዎቹ የሚመገቧቸው፣ ከዓሣ ምግብና ከቆሻሻ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች) በዝቷል፤ በሁለቱም አልጌዎቹ ይባዙና ቡናማቸው የኮራሉን ቀለም ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ውሃውን መርምሩ። ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.1 ሚሊግራም ካለፈ ውሃ እየቀየራችሁ አውርዱ። ቁጥሮቹ ደህና ከሆኑ ብቻ ነው መብራቱን የምትጨምሩት፣ እሱንም በሳምንት 5 በመቶ።

ሁሉም ቦታ እኩል ገረጣ፣ ጥላ ውስጥ ያለው ሳይቀር

ብዙ ጊዜ ረሃብ ነው። ውሃዬ ንጹህ ነው፣ ናይትሬት ዜሮ ነው እያላችሁ ብትደሰቱም አልጌዎቹ ያለ እሱ አያድጉም፣ መብራቱ ሲጠነክር ደግሞ ፍላጎታቸው ይጨምራል። ለዓሣዎቹ ትንሽ አብልጣችሁ መግቡ። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ጥሩ ነው።

ሥጋው ከሥር ጀምሮ እየተላጠ ነው

መብራቱን ትታችሁ አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ ለኩ። ከ7 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) መካከል ይሁን፣ ከሁሉም በላይ ግን አይዋዥቅ። ሜታል ሃላይድ የሚባለውን በጣም የሚሞቅ መብራት ያነሳችሁ ደግሞ ቴርሞሜትሩን ጠዋትም ማታም እዩ። ያ መብራት ውሃውን ያሞቅላችሁ ነበር፣ አሁን ማሞቂያው ብቻውን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ መያዝ አለበት።

ቀለሙ የደበዘዘው ነጩ መብራት ሲበራ ብቻ ነው

ኮራሉ ደህና ነው። ብዙዎቹ የኮራል ቀለሞች የሚያበሩት በሰማያዊ ብርሃን ነው፣ የተለወጠው የብርሃኑ ቅልቅል ነው።

እኔ አሁን የመብራቱን መቶኛና ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፌ ገንዳው ጎን እለጥፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መብራት ፎቶ አነሳለሁ። በየቀኑ ስታዩት ያላስተዋላችሁትን መገርጣት የሦስት ቅዳሜ ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ወዲያው ያሳያችኋል።