በጽኑ ሕክምና ክፍል ያለ ጨቅላ ሕፃንን ሁኔታ ለእናቱ በስልክ እንዴት ማሳወቅ ይቻላል?

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጇ በሌላ ሕንፃ ማሞቂያ ውስጥ ልትሆን ትችላለች። ወሬው አክስትና ጎረቤት ዘንድ ደርሶ ለአራሷ የሚነገራት ግን ብዙ ጊዜ «ደህና ናት፣ አትጨነቂ» ብቻ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። መጀመሪያ ማወቅ ያለባት እናት ናት።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው፣ አባት ቢሆን ይመረጣል፣ መልእክት አድራሽ ይሁን። ሁሉም በየተራ ከደወለ ነርሷ ሥራዋን ትፈታለች። በቅድሚያ «ሲስተር፣ ለእናቷ ፎቶ ባነሣላት ይፈቀዳል? በስንት ሰዓት ብመጣ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተፈቀደ ስልኩን በአልኮል ይጥረግ፣ ፍላሹን ያጥፋ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዳይታይም ይጠንቀቅ። ስልክ የነካ እጅ እንደገና ሳይታጠብ ሕፃን አይነካም። ፎቶው ለእናት ብቻ ይላካል፤ እርሷ ሳትፈቅድ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ እንኳ አይወጣም።

ቱቦና ሽቦ የበዛበት ፎቶ ብቻውን ያስደነግጣል። ስለዚህ በድምፅ ያስረዳት፦ «በአፍንጫዋ የገባችው ቀጭን ቱቦ ያንቺን ወተት የምታደርስላት ናት።» ከዚያ ክብደት፣ ሙቀት፣ አተነፋፈስና የወሰደችው ወተት መጠን በየቀኑ በዚሁ ቅደም ተከተል ይነገራት። ቁጥሩ ከነትርጉሙ ይሁን። ትናንት 1,450 ግራም የነበረች ልጅ ዛሬ 1,390 ብትሆን፣ ጨቅላ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሳቸው የተለመደ መሆኑ አብሮ ይነገር። የመከታተያ መሣሪያው ማሳያ ላይ በደሟ ያለው ኦክስጅን 92 በመቶ ሲል ደግሞ ብዙዎች «ለምን 100 አልሆነም?» ይላሉ። ያለ ጊዜው ተወልዶ ኦክስጅን ለሚሰጠው ሕፃን በአብዛኛው የሚፈለገው የደም ኦክስጅን መጠን ከ90 እስከ 95 በመቶ ነው፤ ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ዓይኑን ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በጉብኝት ሰዓት በቪዲዮ ደውሉላትና ጥያቄዋን ራሷ ትጠይቅ። ከባድ ዜና ግን በጽሑፍ አይላክም፤ ሐኪሙ፣ የሚያጽናናት ሰው አጠገቧ ባለበት፣ በአካል ይንገራት።

የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የገላ ለገላ እንክብካቤ (ሕፃኑን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ ማቀፍ) ከወሊድ በኋላ ወዲያው እንዲጀመር በ2022 እ.ኤ.አ. መክሯል። ስለዚህ እናትየው መቀመጥ እንደቻለች ዊልቸር ጠይቁና ወደ ልጇ ውሰዷት።