የሪፍ አኳሪየም በአዲስ አበባ ሙቀት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አዲስ አበባ ውስጥ የሪፍ አኳሪየም፣ ማለትም ሕያው ኮራል (አጥንት የሚሠራ የባሕር እንስሳ) እና ዓሣ የሚኖርበት የጨው ውሃ ገንዳ፣ በሙቀት የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ አይደለም። ክረምት ለእኛ የሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ወቅት ነው። ፈተናው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሜክሲኮም ሆነ ቦሌ፣ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት በሆነ ሕንፃ ላይ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ደግሞ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲጋገር ይውላል። እንዲያም ሆኖ በመጋቢት የውጭው አየር ከሰዓት በኋላ በአማካይ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለኮራል ተስማሚ ሙቀት ነው። ስለዚህ ውሃችሁ 29 ዲግሪ ከደረሰ ያሞቀው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱና ዕቃው ነው፤ መፍትሄውም በእጃችሁ ነው።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። የምናነባቸው መመሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ዓሣና ኮራል ሲጨነቁ ካያችሁ ከቴርሞሜትሩ በፊት ኦክስጅኑን ጠርጥሩ።

ሊነጋጋ ሲል ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ

ከተማችን ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ የሚይዘው የኦክስጅን መጠን ደግሞ ከግፊቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር እስከ 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ጣሪያው 5 ገደማ ነው። ውሃው 30 ዲግሪ ከደረሰ ወደ 4.7 ይወርዳል። መብራቱ ሲጠፋ አልጌውም ሆነ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖረው አልጌ ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፤ መተንፈሱን ግን ሁሉም ይቀጥላል፣ ባክቴሪያው ሳይቀር። ስለዚህ ውሃው በጣም የሚደክመው ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ለማረጋገጥ አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ተነሱና በትንሽ ባትሪ የዓሦቹን ጉንጭ ተመልከቱ። ጉንጫቸው በፍጥነት እየተከፈተ እየተዘጋ ከሆነና መብራቱ ከበራ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ከተረጋጉ ጉዳዩ ኦክስጅን ነው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ከዋሉ ግን አሞኒያ ለኩ፣ ቆዳቸው ላይም ወርቃማ ብናኝ የሚመስል ነገር እንዳለ እዩ፤ ያ በሽታ ነውና መንገዱ ሌላ ነው።

ኦክስጅን ከሆነ ሥራው የውሃው ገጽ ላይ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ገጹን ከጎን በኩል እዩት። ብርሃን ሲያርፍበት ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ካያችሁ አየር እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ከምግብና ከዓሦቹ ፈሳሽ ይመጣል፤ ሳሎንና ወጥ ቤቱ አንድ በሆነበት ኮንዶሚኒየም ደግሞ ቁሌት በተቁላላ ቁጥር የሚተነው ዘይት ይጨመርበታል። ለጊዜው ንጹሕ የወጥ ቤት ሶፍት ገጹ ላይ ዘርግታችሁ አንሱት። በዘላቂነት ግን ውሃው ከላይ እየሞላ ወደ ሳምፕ (ከሥር ካቢኔቱ ውስጥ ወዳለው ሁለተኛ የውሃ ሣጥን) እንዲወርድ አድርጉ፣ ከፓምፖቹም አንዱን ወደ ላይ አዙሩት፤ ገጹ መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን መገላበጥ አለበት። ስኪመሩ (አየር እየሳበ በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ) ሌሊት አይጠፋም። ሳምፕ ውስጥ አልጌ የምታሳድጉ ከሆነ የእሱን መብራት ሌሊት አብሩ፤ ሌላው ሁሉ ኦክስጅን በሚፈጅበት ሰዓት እሱ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ብታደርጉም ጣሪያው ከ5 አያልፍም። የእኛ ድርሻ ውሃውን ሁልጊዜ እዚያው ጣሪያ አጠገብ ማቆየት ነው። ስለዚህም በዓሣ ቁጥር ቁጥብ ሁኑ እላለሁ፤ የባሕር ዳርቻ ሰው አሥር ዓሣ በሚያኖርበት ውሃ እኛ ስድስት ሰባት ብናኖር ይበቃናል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውሃው 28.5 እና ከዚያ በላይ ያነብባል

መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ራሱን ፈትኑ። የተፈጨ በረዶ ብርጭቆ ሞልታችሁ ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ዜሮ ማንበብ አለበት። በፈላ ውሃ አትሞክሩት፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ቀጥላችሁ የክፍሉን ሙቀት ለኩ። ውሃው ከክፍሉ በሦስት ዲግሪና ከዚያ በላይ ከበለጠ የሚያሞቀው ዕቃችሁ ነው። የካቢኔቱን በር ከፍታችሁ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። የታፈነ ሙቅ አየር ከተቀበላችሁ መንስኤውን አገኛችሁት፤ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ የሚበላው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። የካቢኔቱን ጀርባ ክፈቱት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ የሆነውን ፓምፕ በትንሽ ተኩት፣ የአኳሪየሙን ክዳን አንሱና በመረብ ሸፍኑት። ውሃውና ክፍሉ እኩል ከሞቁ ግን ችግሩ መስኮቱ ነው። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ፀሐይዋ የት እንደምታርፍ ተከታተሉ፤ ጨረሯ መስታወቱን ለአንድ ሰዓት እንኳ የምትነካው ከሆነ ወፍራም መጋረጃ የግድ ነው። የአኳሪየሙን የመብራት ሰዓትም ወደ ማታ ግፉት፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በርቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ቢጠፋ ኮራሉ የሚጎዳው ነገር የለም። ብቻ በአንድ ቀን አታዙሩት፤ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ቬንትሌተር። የበጋችን ደረቅ አየር ለዚህ የተመቸ ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲተን ከ200 ሊትር ውሃ ላይ 3 ዲግሪ የሚያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ትንሽ የኮምፒውተር ቬንትሌተር በውሃው ገጽ ላይ አግድም እንዲነፍስ ብታስቀምጡ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያወርዳል፣ ገጹንም ስለሚያንቀሳቅስ ለኦክስጅኑ ይረዳል። ቺለር (የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ግዙ የሚል ምክር ሲሰጥ እሰማለሁ፤ አልስማማበትም። ቺለር ከውሃው ያወጣውን ሙቀት እዚያው ሳሎን ውስጥ ይደፋዋል፣ ብዙ መብራት ይበላል፣ መብራት ሲሄድም ከምንም አያድንም። ያንን ገንዘብ ለባትሪ አውሉት።

በረዶ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ መንሳፈፉ ለድንገተኛ ቀን ጥሩ ነው። ባለ 2 ሊትሩ 200 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል፤ ግማሽ ሊትሩ ለውጡ አይታይም። በአንድ ጊዜ ሦስት አራት አትክተቱ።

ቀን 28፣ ሌሊት 23

ይህ ከቋሚ 28 የበለጠ ይጎዳል ባይ ነኝ። በበጋ ሌሊቱ ውጭ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ደግሞ በቀን የያዘውን በአንድ ሰዓት ያስረክባል። ብዙ ሰው የካቲት ሲገባ ሂተሩን ነቅሎ ያስቀምጣል፤ አይነቀልም። ሂተሩን 25 ላይ፣ ቬንትሌተሩን ደግሞ 26.5 ላይ ተነስቶ 26 ላይ እንዲቆም በመቆጣጠሪያ አስሩት። መቆጣጠሪያ ከሌላችሁ ቬንትሌተሩን ከቀኑ 6 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በታይመር አሠሩት። ሌሊቱን ሙሉ መንፋት የለበትም።

ኮራሉ ነጣ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሁለት ዓይነት ንጣት አለ። በእጅ መብራት ከጎን አብሩበትና ቅርብ ሆናችሁ እዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሥጋ አጥንቱን እንደሸፈነው ካለ፣ ማታም ትንንሽ ጣቶቹን የሚዘረጋ ከሆነ ኮራሉ በሕይወት አለ፤ በሥጋው ውስጥ ይኖር የነበረው አልጌ ነው የወጣው። ይህ የሙቀትና የብርሃን ጣምራ ጉዳት ነው። ባሕር ውስጥም ውሃው ከለመደው የበጋ ጣሪያ 1 ዲግሪ በልጦ ሳምንታት ሲቆይ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያን ታላቁን ባሪየር ሪፍ የመታውም እሱ ነው። አንድ ከሰዓት 29 ዲግሪ መድረሱ ኮራል አይገድልም፤ ሳምንት ሙሉ መደጋገሙ ግን ሊገድል ይችላል።

መፍትሄው ቀስ ማለት ነው። ሙቀቱን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1 ዲግሪ በላይ አታውርዱ። የመብራቱን ኃይል በሲሶ ያህል ቀንሱና ለሁለትና ሦስት ሳምንት ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ቦታውን አትቀያይሩ። በሳምንት ሁለቴ ማታ ላይ በጣም የደቀቀ ምግብ በጥቂቱ ስጡት፤ አልጌው የሚመግበውን አጥቷልና። ቀለሙ ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በዚህ መሐል ተስፋ ቆርጦ አውጥቶ የሚጥል ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም አዝናለሁ፤ ነጭ ሆኖ ሥጋው ያለ ኮራል አልሞተም።

ሥጋው ተልጦ ባዶ አጥንት ከቀረ ግን፣ በተለይ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚገሰግስ ከሆነ፣ ሙቀቱን ብቻ አትውቀሱ። አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) በአጭር ጊዜ መዋዠቁን ለኩ፤ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ላይ ረግቶ መቆየት አለበት። ጤናማውን ጫፍ ቆርጣችሁ ለብቻው ትከሉት።

ጨውነቱ ይጨምራል

ቬንትሌተር ባለበት ቤት ይህ የማይቀር ነው። ከ200 ሊትር በቀን 4 ሊትር እየተነነ ለሦስት ቀን ሳይተካ ቢቀር ጨዉ በኪሎ ውሃ ከ35 ግራም ተነስቶ 37ን ያልፋል፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። የምትተኩትም ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው አለ፤ በላዩ ላይ ጨው እየጨመረ ችግሩን ያባብሰዋል። ውሃው ቀንሶ ከተገኘም በአንድ ጊዜ ጆግ አትገልብጡ፣ በአንድ ሁለት ቀን ከፋፍላችሁ መልሱት።

የአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በአርኦ (ውሃን በስስ ወንፊት መሰል ሽፋን አሳልፎ የሚያጣራ መሣሪያ) የተጣራ ውሃ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ክዳን ባለው ጄሪካን ይኑራችሁ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ የሚመጣው አንድ አይደሉም፤ ሮቶ ውስጥ የቆየው ደግሞ ደለል ያለበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአርኦው የሚወጣውን በየጊዜው በቲዲኤስ ሜትር (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሚለካው) እዩት፤ ንባቡ ከለመደው ከፍ እያለ ከሄደ ማጣሪያው ደክሟል።

መብራት ሄደ

ቅደም ተከተሉን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ካቢኔቱ በር ላይ ለጥፉት፤ እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ ቤት ያለ ሰው እንዲያደርገው። የመጀመሪያው ሥራ ውሃውን ማንቀሳቀስ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ የሚፈጠነው ኦክስጅኑን ለማዳን ነው፤ 200 ሊትር ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካለ ይነሣ። ከሌለ በጆግ እየቀዱ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ማፍሰስ፣ በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ። ምግብ አይሰጥም። ኢንቨርተር ያላችሁ ደግሞ ላዩ ላይ ሂተርና መብራት አትጫኑበት፤ አንድ የ15 ዋት ፓምፕ ብቻ ከሆነ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ተጠቅሞ አንድ ቀን ገደማ ያንቀሳቅሰዋል።

መብራት ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ሁሉንም አንድ ላይ አትሰኩ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ፓምፑን፣ ቀጥሎ ሂተሩን፣ ስኪመሩን መጨረሻ። በዝግ ማጣሪያ ውስጥ ለሰዓታት የቆመውን ውሃ ደፍታችሁ ነው የምትጀምሩት፤ ውስጡ የነበሩት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ማጣት ሞተው ውሃው ተበላሽቷል።

ሙቀቱ ልክ፣ ውሃው ልክ፣ ግን ኮራሉ ተኮማትሯል

በሙቀቱ ወራት በረሮና ዝንብ ይበዛል፣ ፍሊትም ይነፋል። የፍሊት መርዝ ለሽሪምፕ፣ ለሸርጣንና ለመሰሎቻቸው በጥቂቱም ይገድላል፤ ስኪመሩ ከክፍሉ የሚስበውን አየር ቀጥታ ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባው አኳሪየሙን መሸፈን ብቻ አያድንም። የሚነፋ ከሆነ ስኪመሩ ይጥፋ፣ ውሃው በአየር ፓምፕ ሳይሆን ውስጡ ባለው የውሃ ፓምፕ ብቻ ይንቀሳቀስ፣ መስኮቶቹ ተከፍተው ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ይመለስ። ቡና የሚፈላበት ከሰልም በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያከማች የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ያወርዳል፤ ለእሱ አንድ መስኮት ገርበብ ማድረግ ይበቃል። ፍሊት ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የዚያኑ ቀን ከውሃው ሩቡን ቀይሩ፣ አዲስ የአኳሪየም ካርበን (መርዝ የሚስብ የተዘጋጀ ከሰል) ውሃው በሚያልፍበት ቦታ አስቀምጡ፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላም አውጥታችሁ በሌላ ተኩት።