አላይመንት አሠርቶ መኪና ማበላሸት፦ የሚያታ ባለቤቶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ስለ ማዝዳ ሚያታ ነው የማወራው፣ ስለ ትንሿ ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና። ክብደቷ ቀላል ነው፣ የምትነዳው በኋላ ጎማ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2005 የወጡት ሁለቱ ትውልዶች ደግሞ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛላቸው ብዙ ነገር ይስተካከልባቸዋል። ፊት ላይ ካምበር፣ ካስተርና ቶው፤ ኋላ ላይ ካምበርና ቶው። ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ቡሎኑ ስለሚዞር ብቻ ያዞረዋል።

ቃላቱ ለማያውቅ፦ አላይመንት ማለት የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ለክቶ ማስተካከል ነው። ካምበር ማለት መኪናዋን ከፊት ስታይዋት ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። አናቱ ወደ ውስጥ ከሆነ ኔጌቲቭ ይባላል። ቶው ደግሞ ከላይ ሲታይ የግራና የቀኝ ጎማ አፍንጫቸው መቀራረቡ (ቶው-ኢን) ወይም መራራቁ (ቶው-አውት) ነው። ካስተር ጎማው በመሪ ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ መጋደሉ ነው፤ ሲበዛ መሪው ይከብዳል፣ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል።

የላላ እግር ላይ አላይመንት ማሠራት

ገንዘብ መጣል ነው። ማሽኑ የሚለካው መኪናዋ ቆማ ነው፣ እናንተ የምትነዷት ግን ፍሬን ይዛችሁ፣ ታጥፋችሁ ነው። ቦኮላው (የእግሩ ክንዶች መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) ካለቀ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ጎማው የራሱን ቶው ይመርጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በክሪክ አንሷት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፤ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ኩሽኔታው ወይም የክንዱ መጋጠሚያ ነው። ከዚያ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ አሁን ከተንቀጫቀጨ አብዛኛውን ጊዜ የመሪው ዘንግ ጫፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሚያታዎች ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጎማ ቦኮላቸው ከፋብሪካ የወጣው ከሆነ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። የጎማ ንፋስም እዚሁ ላይ ይለካ፤ በንፋስ ልዩነት የመጣን ወደ አንድ ጎን መጎተት በአላይመንት ለማረም መሞከር የተለመደ ስህተት ነው።

«ማሽኑ አረንጓዴ አለ፣ አለቀ»

አላለቀም። ይቺ ከሁሉም የባሰች ናት።

አረንጓዴ ማለት ቁጥሩ ፋብሪካው በፈቀደው ክልል ውስጥ ገብቷል ማለት ብቻ ነው፣ ክልሉም ሰፊ ነው። በግራ በኩል ወደ ዜሮ የቀረበ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ዲግሪ ገደማ ኔጌቲቭ ካምበር ሊኖራት ይችላል፤ ሁለቱም አረንጓዴ ያበራሉ፣ መኪናዋ ግን ወደ ግራ ስትታጠፍ ሌላ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ሌላ ትሆናለች። ባለሙያው ደግሞ አይፈረድበትም፤ ሥራው መኪና ቀጥ ብሎ እንዲሄድና ጎማ እንዳይበላ ማድረግ ነው። ባላንስ፣ ማለትም ኩርባ ላይ ፊቷ ወይስ ኋላዋ ቀድሞ እንደሚያመልጥ፣ የሚመጣው ከፊቱና ከኋላው ልዩነት ነው። እሱን ካልጠየቃችሁ ማንም አይሰጣችሁም።

ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ለመንገድና አልፎ አልፎ ለትራክ (ለውድድር ሜዳ) ጥሩ መነሻ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ፊት ካምበር ኔጌቲቭ 1፣ ኋላ ኔጌቲቭ 1.5፣ ካስተር 5 ዲግሪ አካባቢ፣ ፊት ቶው ከዜሮ እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ቶው-ኢን፣ ኋላ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቶው-ኢን፣ ሁለቱም የግራና የቀኝ ድምር። ከቁጥሩ ይልቅ ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸው ላይ ችክ በሉ።

ከዚያ ነድታችሁ ስሙት። መሪውን ጠምዝዛችሁ አፍንጫዋ እምቢ ብላ ወደ ውጭ የምትገፋ ከሆነ ፊት ላይ ኔጌቲቭ ካምበር ጨምሩ፣ ወይም ከኋላው ትንሽ ቀንሱ። ኋላዋ የሚያመልጣችሁ ከሆነ የኋላውን ቶው-ኢን በትንሹ ጨምሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትንኩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ኋላ ላይ ቶው-አውት መስጠት

«መኪናዋ ቶሎ እንድትዞር» እየተባለ የሚመከር ነገር ነው። እውነት ነው፣ ቶሎ ትዞራለች፤ እናንተም አብራችሁ ትዞራላችሁ። ኩርባ መሃል ላይ ደንግጣችሁ ነዳጅ ስትለቁ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ ያን ጊዜ ሸክሙን የያዘው የውጭው የኋላ ጎማ አፍንጫው ወደ ውጭ ከሆነ ኋላዋን ከመስመር ያስወጣዋል። ዝናብ ካለበት አስቡት። በመንገድ ላይ በሚነዳ መኪና ኋላ ላይ ቶው-አውት አይደረግም፣ በቃ።

ፊት ላይ ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ያላችሁና በኤስሲሲኤ (የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ) ኦቶክሮስ የምትወዳደሩ፣ ማለትም በሰፊ አስፋልት ላይ በኮን መሃል የምትጠማዘዙ፣ ትንሽ የፊት ቶው-አውት መሪውን ፈጣን ያደርግላችኋል። በዚያው ሴቲንግ ሀይዌይ ላይ ረጅም መንገድ ስትሄዱ ግን መኪናዋ አንድ ቦታ አትረጋም፣ የጎማውም ውስጠኛ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል። ጎማ የሚበላው ካምበር ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፣ ከካምበር ይልቅ ግን የተበላሸ ቶው ነው ጎማ የሚጨርሰው። እንደ አዲስ አበባ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ለሚነዳማ ቶውን ቶሎ ቶሎ ማስለካት ግድ ነው።

ከቶው መጀመር

ቅደም ተከተሉ ኋላው መጀመሪያ፣ ከዚያ ፊቱ፤ በየጎማው ደግሞ ካምበርና ካስተር ቀድመው፣ ቶው መጨረሻ። የሚያታ የፊት ታችኛው ክንድ ሁለት ወጣ ገባ ቡሎን (ሲዞር ክንዱን ከቦታው የሚያንቀሳቅስ) አለው፣ አንዱን ስታዞሩ ካምበሩም ካስተሩም ቶውውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቶውን ቀድሞ አስተካክሎ ካምበር የነካ ሰው ቶውን አበላሽቷል ማለት ነው። ኋላው ያልተስተካከለ መኪና ደግሞ ፊቱ የቱንም ያህል ቢለካ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ተጣሞ ይሄዳል።

ዲግሪና ደቂቃን ማምታታት

አስቂኝ ይመስላል፣ ግን ይደርሳል። 10 ደቂቃ 0.10 ዲግሪ አይደለም፤ ዲግሪው 60 ደቂቃ ስለሆነ 0.17 ነው። ሚሊ ሜትርም የት ላይ እንደተለካ ይወሰናል። በ15 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ አንድ ዲግሪ ወደ 6.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጎማው የውጭ ጠርዝ ላይ ግን ከ10 ያልፋል። ቁጥር ስትሰጡ ዲግሪ ይሁን ሚሊ ሜትር፣ ለአንድ ጎማ ይሁን ድምር፣ አብራችሁ ጻፉ።

ባዶ መኪና መለካት

አንድ ቶን ገደማ በምትመዝን መኪና ላይ 80 ኪሎ ሹፌር ትንሽ ነገር አይደለም። ወንበሩ ላይ የእናንተን ክብደት የሚያህል ነገር ይቀመጥ፣ ወይም ራሳችሁ ተቀመጡ። ከክሪክ ከወረደች በኋላም ሞላው እስኪረጋ ጥቂት ሜትር ወዲያ ወዲህ ትገፋ። ዝቅ ልታደርጓት ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዝቅ አድርጓት፤ ከፍታዋ ሲቀየር ሁሉም ቁጥር ይቀየራል።

ለፎቶ ብሎ ካምበር ማብዛት

ያምራል ካላችሁ ምርጫችሁ ነው፣ ስለ አነዳድ ግን አታውሩኝ። ጎማው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ከቆመ ቀጥታ ላይ ፍሬን የሚይዝ ላስቲክ ቀነሰ ማለት ነው። በቃ የሚባለውን መጠን ለማወቅ ርካሽ ዘዴ አለ፦ በጎማው የውጭ ትከሻ ላይ፣ ከመሬት ከሚገናኘው ፊት እስከ ጎኑ፣ በጠመኔ መስመር አስምሩና ትራክ ላይ ጥቂት ዙር ንዱ። ጠመኔው ወደ ጎኑ ወርዶ ከጠፋ ጎማው እየታጠፈ ነው፣ ወይ ንፋስ ወይ ካምበር ይጎድለዋል። መሬት በሚነካው ጠርዝ ላይ እንኳ ሳይነካ ከቀረ አብዝታችኋል።

የቶዮታ 86 ባለቤቶች፣ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች አትቅዱ። የእናንተ ፊት ማክፈርሰን ነው (የላይኛው ክንድ የለውም፣ ሾክ አብሶርበሩ ራሱ ነው ጎማውን ከላይ የሚይዘው)፣ መኪናው ሲጋደል ካምበሩን ያጣል፣ ስለዚህ ፊት ላይ ከሚያታ የበለጠ ኔጌቲቭ ይፈልጋል። ከፋብሪካውም የፊት ካምበር ማስተካከያ ስለሌለው የካምበር ቡሎን መግዛት አለባችሁ።

ሥራው ሲያልቅ የክንዶቹ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ እንደሆነ አረጋግጡ፣ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎማ ቦኮላው ተጠምዝዞ ይቀራል። የወጣ ገባ ቡሎኖቹን ቦታ በቀለም አስምሩበት፣ የበፊቱንና የአሁኑን ቁጥር የያዘውን ወረቀትም ሳትቀበሉ አትውጡ።