ከኮምቦልቻ የስፌት መስመር እስከ ጀርመን፦ አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

አብሽሪ እህቴ! የስፌት መኪናው መርፌ ጣትሽን ከወጋሽ መጀመሪያ ታከሚ። ዋናውን የሕክምና ማስረጃ አንቺው ያዢ፤ ለአለቃ ቅጂው ይበቃዋል።

ለአቤቱታሽ እንዲጠቅምሽ፣ የሰፋሽውን ልብስ የሚገዛውን የውጭ ኩባንያ ስምና የትዕዛዝ ቁጥር መዝግቢ። እኔ ኮምቦልቻ ስሠራ ለዚህ የኪስ ደብተር ነበረኝ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠየቀው በ6 ወር ውስጥ፣ ወደ ሥራ መመለስ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ነው። «ነገ ይከፈልሻል» እያሉ ቀኑን የሚያሳልፉብሽን አትመኚ!

ገዢው ጀርመን ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ ከሆነ፣ በአገሩ የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ (ኩባንያው ዕቃ በሚያሠራባቸው ፋብሪካዎች የሠራተኛ መብት መከበሩን እንዲከታተል የሚያስገድድ ሕግ) መሠረት ለራሱ ለኩባንያው፣ ወይም ባፋ ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አመልክቺ። ባፋ ኩባንያውን ሊቀጣ ይችላል እንጂ ካሳ አያስከፍልሽም፤ ካሳሽን ከአሠሪሽ የምትጠይቂው እዚሁ፣ በሥራ ክርክር ችሎት ነው።